ጣሪያው ተረፈ፤ ተከራዩስ?

በቤጂንግ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዳሻንዚ በተባለው ሰፈር፣ «798» እየተባለ በቁጥር የሚጠራ የጥበብ መንደር አለ። ቁጥሩ የፋብሪካ መለያ ነበር። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች ንድፍ ተሠርቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲያመርት ኖረ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ምርቱ እየተዳከመ ብዙዎቹ አዳራሾች ባዶ ቀሩ። ዛሬ ጋለሪና ካፌ ሞልቶበታል። አሮጌ ፋብሪካ ካደሱ የጥበብ መንደር ይገኛል የሚሉ ሰዎች ይህን ግቢ ይጠቅሳሉ። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው፦ መንደሩን የወለደው ርካሽ ኪራይ ስለሆነ፣ ሕንፃውን ጠብቆ ኪራዩን የሚተው ከተማ ሥራውን በግማሽ ይተወዋል።

በ1995 የማዕከላዊ ሥነ ጥበብ አካዳሚ የቅርፃ ቅርፅ ክፍል ሰፊ ቦታ ቸግሮት እዚያ ተከራየ። ከ2000 ወዲህ ሠዓልያንና መጻሕፍት ሻጮች ተከተሉ። ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ በትንሽ ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ የመጋዝ ጥርስ በመሰለው ጣሪያ ላይ ያሉት መስኮቶችም ወደ ሰሜን ስለሚያዩ ቀኑን ሙሉ የሚገባው ብርሃን ወጥ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ የታሰበው ብርሃን ለሠዓሊም ተስማማ። ግቢው ሊፈርስ ታቅዶ ሳለ፣ በ2004 የከተማው ሕዝብ ምክር ቤት አባል የነበረው ቀራፂ ሊ ሺያንግቹን እንዲጠበቅ ሐሳብ አቀረበ፤ በ2006 መንደሩ በመንግሥት ዘንድ ይፋዊ ዕውቅና አገኘ። ሕንፃው ዳነ፣ ጎብኚው በዛ፣ ኪራዩ ናረ፤ ብዙ ሠዓልያንም እንደ ሶንግጁዋንግ ወዳሉ ርካሽ ዳርቻዎች ሄዱ።

የኪራዩ መወደድ የስኬት ምልክት ነው፣ ያለ ጎብኚ ገንዘብ ግቢው አይጠገንም የሚል ሙግት ይነሣል። እውነትነት አለው። ሆኖም የቦታውን ዋጋ ከፍ ያደረጉት ተከራዮቹ ሆነው ሳለ ትርፉ ለአከራይ፣ ስንብቱ ለእነሱ ሆነ። በጀርመኗ ላይፕሲግ፣ በ1884 በተመሠረተው የጥጥ ፈትል ፋብሪካ በስፒነራይ፣ ዛሬም የሠዓልያን ስቱዲዮዎችና ጋለሪዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከጀርመን ውህደት በኋላ ላይፕሲግ ባዶ ቤት ተርፏት ስለነበር ኪራዩ እንደ ቤጂንግ አልናረም ቢባል ልክ ነው። ይህ ግን ክርክሩን ያጠነክረዋል፤ ቦታ በተረፈበት ገበያው ራሱ የጠበቀውን፣ ቦታ በጠበበበት ውል ሊጠብቀው ይገባል። ከተማው ፋብሪካውን በቅርስነት በሚመዘግብበት ቀን፣ ከአዳራሾቹ የተወሰኑት ለሚሠሩ ሰዎች በረጅም ውልና በተገደበ ዋጋ እንዲከራዩ ይደንግግ። የካፌው ኪራይ ጥገናውን ይችላል፤ ስቱዲዮው ደግሞ ለካፌው ጎብኚ ያመጣለታል። ኪራዩ ከናረ በኋላ የሚወጣ ደንብ የሚጠብቀው ተከራይ አያገኝም።