ትኩሳት ሲበርድ

ላምበረት በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ በየካ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያ ስላለበት ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ብዙ ሰው በዚያ ይወርዳል። በክረምት ከእንጦጦ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ብርቱ ነው፤ ድኾችም ልብሳቸውን ሳያወልቁ በጠባብ ቤት ተጠጋግተው ያድራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅማል ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከቅማልም ጋራ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ሊመጣ ይችላል።

በሽታውን የሚያስገባው የቅማሉ ንክሻ ራሱ አይደለም። ሰው ገላውን በማከክ ቅማሉን ይጨፈልቀዋል፤ በውስጡ ያለው ረቂቅ ተሕዋስም በተቧጨረው ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ተሕዋሱ እንደ ተጠመዘዘ ክር ያለ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። ትኩሳቱ ሳይታከም ቢቀር አምስት ቀን ያህል ቈይቶ ይለቃል፤ በሽተኛው ዳንሁ ሲል ግን ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለስበታል። ስሙም የወጣለት ከዚህ ነው።

ፔኒሲሊን ይህን ተሕዋስ ይገድለዋል። ነገር ግን አስጨናቂው ሰዓት የሚመጣው ከመድኃኒቱ በኋላ ነው። መርፌው ከተወጋ ጥቂት ሰዓት ሲሆነው በሽተኛው አልጋው እስኪነቃነቅ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱም ከፊተኛው ይብሳል። ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ ጎዳው ይላል። የተማረች ነርስ ግን ተሕዋሱ ሲሞት ይህ እንደሚሆን አውቃ አስቀድማ ትጠብቃለች።

ቀጥሎ ላብ ያጠምቀዋል፥ ገላውም ይቀዘቅዛል። ዘመዶቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተሻለው» ይላሉ፤ ወንድሙም ወደ ደጅ ሊያወጣው ደግፎ ያነሣዋል። በእውነትም ትኩሳቱ በርዷል። ነርሷ ግን ግንባሩን በመዳሰስ ብቻ አትፈርድም። የደም ሥሩን ይዛ ትርታውን በሰዓት ትቈጥራለች፤ የደሙንም ግፊት ትለካለች። ትርታው ፈጣንና ደካማ፥ ግፊቱም ዝቅ ያለ ሆኖ ካገኘችው፥ ይህ ሰው ቢቆም ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ወድቆ ሊሞት እንደሚችል ታውቃለች። ስለዚህ መልሳ ታስተኛዋለች፤ ሐኪሙንም ታስጠራለች።

«ወንድሜ፥ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ከአልጋ አይውረድ፤ ለሽንቱም ዕቃ እኔ አመጣለታለሁ» ትለዋለች። እርሱም ቅር ይለው ይሆናል፤ የዳነ ሰው ተኝቶ ሲውል ለዘመድ ደስ አይልምና።

ትርታ መቍጠር እንደ ተራ ሥራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ሥራ ተምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነዋል።

ነርሷ የበሽተኛውን ልብስ በፈላ ውሃ እንዲቀቀል ትሰጣለች። ይህን ስታደርግ ወንድሙ አንገቱን ደጋግሞ ማከኩን ታያለች። በአንድ ቤት እንደሚያድሩ ጠይቃ ትረዳለች፤ የልብሱንም ስፌት ገልጣ ትመረምራለች፤ ከዚያም እርሱም ሳይሄድ ደሙ እንዲታይ ለሐኪሙ ትነግራለች።