ዲንሾ ወይስ ሳነቴ? መንገድ ከመምረጣችን በፊት



የፈተና ሰሞን ሲያልፍ ከጀመዓው የሚነሳው ጥያቄ “ወደ ባሌ ተራሮች መቼ እንውጣ?” የሚል ነው። እኛ ግን “በየትኛው መንገድ?” የሚለው ይቅደም እንላለን። ከገሰራም፣ ከጎባም ሆነ ከግቢ የምንነሳው ሮቤ ላይ ከተገናኘን በኋላ ሁለት አቅጣጫ አለን።

አንደኛው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዲንሾ የሚወስደው ነው። ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እስከ ከተማው አስፋልት ነው፤ ማንኛውም ሚኒባስ ይሄድበታል። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። በጋይሳይ ሜዳና በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው ጫካ የደጋ አጋዘን በአጭር የእግር ጉዞ ይታያል። ከዲንሾ ወደ ወብ ሸለቆ የሚዘልቀው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ላንድክሩዘር እንኳ ይፈትናል።

ሁለተኛው በጎባ በኩል ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳነቴ ይወጣል። ከጎባ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሳነቴ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ችግሩ ሰውነታችን ሳይለምደው ያን ያህል ከፍታ በአጭር ጊዜ መውጣታችን ነው። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም መራመድ ያቃተው ሰው ካለ “ትንሽ እንታገስ” አይባልም፤ ወዲያው ይዞ መውረድ ነው። ስለዚህ መኪናው ከእኛ ጋር የሚቆይ መሆን አለበት። ወደ ደሎ መና በሚያልፍ አውቶቡስ ሄዶ ሜዳው ላይ መውረድ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመልስ መኪና ካልተገኘ ብርዱ ከመሸ በኋላ ለሕይወት ያሰጋል።

የሶላታችንም ጉዳይ ከመንገዱ ጋር ይታሰብ። ከሮቤ እስከ ቱሉ ዲምቱ ብዙ ዑለሞች ለሙሳፊር ካስቀመጡት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ስለሆነ፣ ከሮቤ የምንነሳ ሶላታችንን አናሳጥርም። ዙህርን ላይ ስለምንሰግድ ጎባ ላይ ውዱእ አድርገን እንውጣ። ኹፍ የለበሰ በላዩ ማበስ ስለሚችል በበረዷማ ውኃ እግሩን ከማጠብ ይድናል። ቂብላው አያስቸግርም፤ መካ ከባሌ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ሳነቴ ላይ ሆነን ወደ መጣንበት ወደ ጎባ አቅጣጫ ስንዞር ወደ ቂብላ ቀርበናል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ፣ ብዙ ሰው የያዘ ወይም አስም ያለበት አባል ያለው ቡድን ዲንሾን ይምረጥ። ሳነቴን የሚመርጥ ቡድን ደረቁን ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን፣ ይጠብቅ፤ ፈጅርን ሰግዶ ይነሳ፤ ከዐስር በፊትም መውረድ ይጀምር። የመግቢያ ፈቃድና ክፍያ የት እንደሚፈጸም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሳነቴ ደጃፍ ደርሶ ወደ ዲንሾ መመለስ ቀኑን ይበላል።

የሚሄዱትን ስም ዝርዝርና የመመለሻ ሰዓት ግቢ ለሚቀር አንድ ሰው ትተን፣ የጉዞ ዱዓችንን አድርገን እንነሳ። አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሰን፤ አሚን።