ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት ፀሐዩ በረድ ሲል ከታጨደው የማሽላ ማሳ አጠገብ ኳስ ተጫውተን ስንመለስ ክርክር ተነሣ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ ማን ነበር? እኛ «መንግሥቱ ወርቁ ነዋ!» ብለን በሻይ ተወራረድን። ለካስ ተሳስተናል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። መንግሥቱን የማያውቅ የለም፤ የዚህን ሰው ስም ግን ከመካከላችን የሚያውቀው አንድ ጓደኛችን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩን እዚህ ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ። አባቱ ኢጣሊያዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ክልስ በመሆኑ በልጅነቱ ብዙ ስድብ ይደርስበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። (ነገ በምናስተምርበት ክፍልም ክፉ ቅጽል ስም የሚለጠፍበት ልጅ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ምን እንደምናደርግ ከአሁኑ እናስብበት እንጂ።) በወጣትነቱ የመካኒክነት ሙያ ይዞ ኳሱንም ሳይተው ቆየ፤ በኋላ ለድሬዳዋው ኮተን ክለብ ተጫወተ። ቦታው መሐል ሜዳ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ ለፍጻሜ ገጥማን 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0! ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከዚያችው ግብፅ ጋር ለዋንጫ ተፋጠጥን።

ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረብን። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ ሲያደርገን፣ ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ልዩነት ባዳዊ ደገመ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ታዲያ አምበሉ ራሱ አገባ። 2 ለ 2። እንዲህ ሲሆን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ይጨመራል። በጭማሪው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አከሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ተነሥተን አዲስ አበባ ስንወጣ እንኳ፣ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፣ ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል። ከካይሮ ለመጣ ተጫዋች 90 ደቂቃ ሮጦ ሌላ 30 ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ይህ የእኛ ግምት ነው እንጂ ግብፆች ደክሟቸው ብቻ ነው የተሸነፉት ለማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆን ልብ ይጠይቃል።

ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

በኋላ አሠልጣኝም ሆኖ ነበር። በደርግ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ አገሩን ጥሎ በጂቡቲ በኩል ወጣና ኢጣሊያ ገባ። እዚያም ኑሮውን የገፋው በዚያው በመካኒክነቱ ነው፤ ሕፃናትንም ኳስ ያስተምር ነበር። ንጉሥ ዋንጫ ያስጨበጡት ሰው እንግዲህ በዘይት በተነከረ ቱታ ሰው አገር ኖረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮማ ላይ ዐረፈ።

ዛሬ ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ስታዲየም አለ። ውርርዱን ያሸነፈው ጓደኛችን እዚያ ጨዋታ ሊያሳየን ቃል ገብቷል። ሻዩን ግን የከፈልነው እኛ ነን።