የልጅ አእምሮ ጤና ከእርግዝና በፊት በእናት ማዕድ ይጀምራል

ፍኖተ ሰላም፦ ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚያቀና መንገደኛ በክረምቱ ማብቂያ ግራና ቀኙን በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና በርበሬ ሞልቶት ያያል። ምዕራብ ጎጃም ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ምርት የሚሰጥ ምድር ነው። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕጻናት 46 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ይህም በወቅቱ ከሀገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ቢልም ችግሩ አሁንም ከባድ ነው።

ጎተራው ሞልቶ ልጁ ለምን ይቀነጭራል? የመልሱ አንዱ ክፍል በጎተራውና በማዕዱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እህል ሆድን ይሞላል። አካልና አእምሮ ግን ከእህል ሌላ አዮዲን፣ ብረት፣ ፎሌትና ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ሌላው ክፍል ጊዜን ይመለከታል። የልጅ ምግብ የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ ሳይሆን እናቱ ከማርገዟም በፊት ነው። መቀንጨር በዓይን ይታያል፤ በቁመትም ይለካል። በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል መለየት ሲያቅተው፣ ወይም በወጣትነቱ የአእምሮ ሕመም ሲገጥመው እንጂ አስቀድሞ አይታይም።

ለምን ከእርግዝና በፊት?

ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ ዘሩን ይጠብቃል እንጂ ዘሩ ከበቀለ በኋላ ማረስ አይጀምርም። የጽንስም ነገር ዝግጅትን ይጠይቃል። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ መሰል አካል ጽንሱ ከተፈጠረ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ተዘግቶ ያበቃል። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። በ2008ቱ ጥናት መሠረት በሀገር አቀፍ ደረጃ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ የቅድመ ወሊድ ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው ይህ ወሳኝ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እንክብሉ ለቀሪዎቹ ወራት እጅግ ይጠቅማል፤ ያለፈውን ግን አይመልስም።

በቡሬና በወንበርማ የታየው

አዮዲን ለዚህ አካባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በፈረንጆቹ 2014 ለኅትመት የበቃ አንድ ጥናት በቡሬና በወንበርማ ወረዳዎች ከተመረመሩት ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንቅርት እንዳለባቸው አረጋግጧል። ደጋማና ዝናባማ በሆነ ምድር ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። በዚያ አፈር የበቀለ እህልም ሆነ ያን ሣር የበላች ላም አዮዲን ያንሳቸዋል።

እንቅርት የሚታየው የችግሩ ገጽ ነው። የማይታየው ገጽ በጽንሱ ላይ ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ የታይሮይድ ዕጢ ስለማይሠራለት ለአንጎሉ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የእናቲቱ አዮዲን ካነሰ የልጁ አንጎል ገና ከመነሻው ይጎዳል። እጥረቱ ሲበረታ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያስከትላል። መጠነኛ እጥረትም ቢሆን ያለ ጉዳት አያልፍም። በፈረንጆቹ 2013 ከብሪታኒያ የወጣ ጥናት በእርግዝና መጀመሪያ አዮዲን ያነሳቸው እናቶች ልጆች በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው በአእምሮ ብቃት መለኪያና በንባብ ዝቅ ያለ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በአዮዲን እጥረት ላይ ደም ማነስና የምግብ ማነስ ሲደራረቡ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ገበሬው እህሉን ከማሳው፣ ቅቤውን ከላሙ ቢያገኝም ጨው ግን ሁሉም ከገበያ ይገዛል። በ2003 ዓ.ም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። በ2008ቱ ጥናትም 89 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቷል። ነገር ግን አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና የእሳት ሙቀት ያጠፉታል። ስለሆነም አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን እሽግ ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ከበሰለ በኋላ ሊወርድ ሲል መጨመር ያስፈልጋል።

ፎሌትና ብረት

ፎሌት ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ውስጥ ይገኛል። በሰው ሠራሽ መልኩ ፎሊክ አሲድ ይባላል። በፈረንጆቹ 1991 ይፋ የሆነው የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀደም ሲል የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ጽንስ ያጋጠማቸው ሴቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በሀገራችን በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ከአሥር ሴቶች ከስምንት የሚበልጡት በደማቸው ያለው ፎሌት ይህን ክፍተት ለመከላከል ከሚያስፈልገው በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድና ብረትን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች፣ የምግብ ዘይትም በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ይህ የፋብሪካ ዱቄት ለሚገዛው የከተማ ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው። የራሱን እህል በቀበሌው ወፍጮ ቤት ለሚያስፈጨው ገበሬ ግን አይደርሰውም። ለእርሱ መፍትሔው የጓሮ ጎመን፣ ጥራጥሬና ከጤና ተቋም የሚገኘው እንክብል ነው።

ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል፤ የጽንሱም አንጎል የሚገነባበት ግብዓት ይጎድላል። በ2008ቱ ጥናት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባና የአንጀት ትላትል ችግሩን ያባብሱታል። ምግብ እንደተበላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ቡናውን ሰዓት ያህል ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም።

ረኀብ፣ ውፍረትና የአእምሮ ሕመም

የእናት ረኀብ ከልጅ የአእምሮ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት በሌሎች ሀገራት ተጠንቷል። ኔዘርላንድስ በፈረንጆቹ ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት በጦርነት ምክንያት ረኀብ ገጥሟት ነበር። በረኀቡ ጽኑ ጊዜ የተጸነሱ ልጆች አድገው ሲጠኑ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በቻይና ከ1959 እስከ 1961 በደረሰው ረኀብ ላይ የተደረገ ጥናትም ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሷል። ይህ ማለት ግን በረኀብ ጊዜ የተጸነሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ሀገራት አብዛኞቹ ጤነኞች ነበሩ።

በከተሞች ሌላ አደጋ እየመጣ ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ከእርግዝና በፊት የጀመረ የስኳር ሕመም በአንዲት እናት ላይ ሲገናኙ ልጇ ለትኩረት ማነስና ለሌሎች የባሕርይና የስሜት ችግሮች ያለው ተጋላጭነት ከፍ እንደሚል በፊንላንድ የተደረገ ሰፊ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ የከተማ ነዋሪዎች ምክሩ ብዙ መብላት ሳይሆን አመጣጥኖ መብላት፣ ጣፋጭ መጠጥ መቀነስና የስኳር መጠንን ከእርግዝና በፊት መመርመር ነው።

እናትን መውቀስ አይገባም

የአእምሮ ሕመም መንሥኤው ብዙ ነው። የዘር ውርስ፣ የወሊድ ችግር፣ ኢንፌክሽን፣ ድህነትና መከራ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ልጇ የታመመባት እናት «ምን አድርጌ ይሆን?» እያለች ራሷን ልትወቅስ አይገባም፤ ጎረቤትም እርግማን ነው ብሎ ሊፈርድባት አይገባም። የእናት ምግብ የቤተሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው። በብዙ ቤት አባወራው ቀድሞ በልቶ፣ ልጆች ተከትለው፣ ሴቲቱ የተረፈውን ትበላለች። እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። ይህን የሚለውጠው የባልና የሚስት ስምምነት ነው።

ምን ይደረግ?

ከእንቁላሉ ጥቂቱን ለቤት ማስቀረት፣ በየዕለቱ ጥራጥሬና ጎመን ከእንጀራው ጋር ማቅረብ ይቻላል፤ እነዚህ በጾምም የማይቋረጡ ናቸው። ሴት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት አለመዳር ሕግም ጤናም ነው፤ ገና እያደገች ያለች ልጅ ስታረግዝ ያለችውን ጥቂት ምግብ ከጽንሱ ጋር ትሻማለች። ከወለዱ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት የእናቲቱ አካል ያጣውን እንዲተካ ያደርጋል።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው በፊት ጀምራ እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ እንድትወስድ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከዚህ ቀደም የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ሴት ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ማማከር አለባት። የእርግዝና መከላከያዋን ለማቆም ወደ ጤና ተቋም የምትሄድ ሴት በዚያው ቀን ስለ ፎሊክ አሲድ ብትጠይቅና ደሟን ብትመረመር፣ ባለቤቷም አብሯት ቢሄድ፣ ልጃቸው ገና ሳይጸነስ የመጀመሪያውን እንክብካቤ አገኘ ማለት ነው።