ስድስት ሰከንድ ከእንጨት ካሜራ ፊት

አያቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጥተው ሦስት ወር ከእኛ ጋር ተቀመጡ። በስልኬ ብዙ ፎቶ አነሳኋቸው። እሳቸው ግን አልወደዱትም። «ሳልዘጋጅ የተነሳሁት ፎቶ ነው እንዴ?» አሉኝ። በእሳቸው ጊዜ ፎቶ የሚነሳ ሰው ጥሩ ልብስ ይለብሳል፤ ፎቶ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ እንደ ድሮው ትልቅ የእንጨት ካሜራ ለመሥራት ወሰንኩ። አባቴ ወጣት ሳለ አናጺ ነበር። «አባዬ፣ ታግዘኛለህ?» አልኩት። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጋራዥ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። መጋዝ፣ ሙጫ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚሉትን ቃላት የተማርኩት እዚያ ነው።

ካሜራው ሁለት ሳጥን ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀባነው። ከፊት አሮጌ ሌንስ፣ ከኋላ ደግሞ ጭጋግ የመሰለ መስታወት አለው። ሌንሳችን 150 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ሩቅ ያለ ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ በሌንሱና በመስታወቱ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንድ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ግን 17.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ሳጥኑን ወደ ኋላ የምንስበው ለዚህ ነው። በመስታወቱ ላይ ሰው ተገልብጦ ይታያል፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ።

ከዚያ መስታወቱን አውጥተን በቦታው የፎቶ ወረቀት እናስገባለን። ወረቀቱ 4 በ5 ኢንች ነው። እንደ ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል። ግን በቀይ መብራት ሊታጠብ ስለሚችል መታጠቢያ ቤታችን በቂ ነበር።

የመጀመሪያው ወረቀት ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አያቴ ሊሄዱ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አባቴ የበራ ባትሪ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና የጋራዡን መብራት አጠፋ። ከአንድ ጥግ ቀጭን ብርሃን ወጣ። «ሌባውን ያዝነው!» አለ። ቀዳዳውን በጥቁር ፕላስተር ዘጋነው።

በማግስቱ አያቴ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «እማዬ፣ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊው» አላቸው አባቴ።

«እማማ፣ እስከ ስድስት እቆጥራለሁ። አይንቀሳቀሱ» አልኩና የሌንሱን ክዳን አነሳሁ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ወረቀቱ ሲገባ መስታወቱ ስለሚወጣ በካሜራው ውስጥ ማየት አይቻልም። ስለዚህ አያቴን በዓይኔ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ ተያይተን አናውቅም።

ማታ ወረቀቱን ስናጥበው ነጩ ነጠላ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን በሌላ የፎቶ ወረቀት ላይ አድርገን መብራት ስናበራበት ግን ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። የአያቴ ፊት ጥርት ብሎ ታየ፤ እጃቸው ብቻ ደብዝዟል። «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ፤ ፎቶውንም ራሳቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት።

እናንተም ትልቅ ካሜራ ላይኖራችሁ ይችላል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ አያታችሁን ፎቶ ስታነሱ፣ መጀመሪያ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ጠብቋቸው።