ግፊት ይዟት ለምትወልድ እናት አዋላጅ ምን ታደርጋለች?

እርግዝናዋ የከበደባት ሴት ቤተሰብ ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አነጋገር አለ፦ «ይቺስ በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልድም፤ ዶክተር ያለበት ትሂድ፣ አዋላጅ ምን ታደርግላታለች?» ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። እንዲህ ያለች እናት ቀዶ ሕክምናና ደም በቅርብ በሚገኝበት ቦታ መውለድ አለባት። የቀረው ግማሽ ግን ስህተት ነው። እርግዝናው በከበደ መጠን የአዋላጇ ሥራ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ለዚህ ማሳያ የሚሆነኝ፣ በአገራችን ብዙ እናቶችን ከሚቀጥፉት አንዱ የሆነው በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው ግፊት፣ ማለትም ፕሪኤክላምፕሲያ ነው።

በሽታው የሚነሳው ከእንግዴ ልጁ ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት እንግዴ ልጁን የሚመግቡት የማህፀን ደም ሥሮች እንደሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ፣ ከእንግዴ ልጁ ወደ ደሟ የሚገቡ ንጥረ ነገሮች የእናትየዋን ደም ሥሮች በመላ አካሏ ይጎዳሉ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140/90 ይደርሳል ወይም ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ሲብስ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም ይከተላል። ከዚያም ሊያንዘፈዝፋት ይችላል። መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል፣ መንዘፍዘፉንም ይከላከላል፤ ነገር ግን ምንጩ እንግዴ ልጁ ነውና በሽታው ወደ መሻል የሚዞረው እናትየዋ ስትገላገል ነው። 37 ሳምንት ከሞላት ምጡ በመድኃኒት እንዲጀምር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ግፊት ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም፤ ብዙዎቹ አምጠው መውለድ ይችላሉ።

ሐኪሙ አይቷት፣ ወስኖና አዝዞ ወደ ሌላ ታካሚ ይሄዳል። በምጡ ሰዓታት ሁሉ አጠገቧ የምትቆየው አዋላጇ ናት። ማግኒዚየም ሰልፌትን እንውሰድ። ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ማግፓይ የተባለው ጥናት ይህ መድኃኒት የመንዘፍዘፍን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን መጠኑ በደሟ ውስጥ ከበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ አዋላጇ ቀጣዩን መጠን ከመስጠቷ በፊት ጉልበቷን መታ አድርጋ እግሯ መንቀሳቀሱን ታያለች፤ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷን ትቆጥራለች፤ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ትለካለች። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ከእጇ አይርቅም። በዚህ መካከል የፅንሱን ልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ታዳምጣለች፤ ከ110 በታች ከወረደ ወይም ከ160 በላይ ከወጣ ሐኪሙን የምትጠራው እሷ ናት። ሕፃኑ እንደተወለደ ደም እንዳይፈሳት ኦክሲቶሲን ትወጋታለች፤ ኤርጎሜትሪን የሚባለውን አትነካውም፣ ግፊት ይጨምራልና። ከእነዚህ አንዱም ቢላ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ከአንዱ መዘናጋት ግን እናትን ያሳጣል።

አጠገብ መሆን ራሱም ሕክምና ነው። ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን የመረመረው እ.ኤ.አ. የ2017 የኮክሬን ግምገማ፣ በምጥ ጊዜ ሳይለያት የሚያበረታታት ሰው ያላት ሴት ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምርና ምጧም እንደሚያጥር አሳይቷል። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ምጥ የያዛትን ከብበው ያድሩ ነበር። በብዙ ጤና ተቋማት ግን እናትም እህትም በር ላይ እንዲቀሩ ይደረጋል፤ ይህ ሊቀር ይገባዋል እላለሁ። እ.ኤ.አ. የ2019 አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 48 ብቻ እንደነበሩ ያሳያል፤ ሴቶችን ቤት ከሚያስቀሩ ነገሮች አንዱ ብቻቸውን የማማጥ ፍርሃት ነው።

ሌላው ጉዳይ ርቀት ነው። ጉራጌ ውስጥ ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ለዚህ ቀድሞ መልስ የሰጠ ተቋም ነው፤ አስጊ እርግዝና ያላቸው ሴቶች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው መጥተው በግቢው ውስጥ እንዲቆዩ አደረገ። የ22 ዓመት መዝገቡ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ በማቆያው በኩል ካለፉት ሴቶች የሞቱት ከ100,000 ሴቶች 90 ያህል ሲሆኑ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና። ግን ማቆያው የተሠራው ለዚሁ፣ ችግሩ ሳይከር እንዲደረስበት ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል፤ ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበትም አለ። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ግን ኦፕራሲዮን አይሠራም፤ ግፊት ያለባት እናት መቆየት ያለባት ሆስፒታል አጠገብ ነው።

ልጁ ሲያለቅስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ጠያቂው ይጎርፋል። ለአዋላጇ ግን ሥራው አላለቀም። መንዘፍዘፉ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ማግኒዚየሙ ከወሊድ ወይም ከመጨረሻው መንዘፍዘፍ አንሥቶ 24 ሰዓት ይቀጥላል፤ ግፊቷም ከወለደች በሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ውስጥ እንደገና ሊያሻቅብ ይችላል። ያን ጊዜ አራሷ ቤቷ ገብታለች። ራሷን ሲፈልጣት «ብርድ መታት» ተብሎ ሻሽ ጠበቅ ይደረግላታል፤ ቀኑም ያልፋል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጣ ምክሩ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለምታርሳት እናቷና ለባሏም መነገር አለበት፦ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትመለስ። ሌላም የሚነገራት አለ። በሚቀጥለው እርግዝና ግፊቱ ሊደገም ስለሚችል ክትትል የምትጀምረው ገና በሦስት ወሯ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በፊት የሚጀመር በቀን 75 ሚሊ ግራም አስፒሪን አደጋውን ይቀንሳል፤ ያን ለማዘዝ ግን ያለፈው ታሪኳ በካርዷ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።