ክረምት ሲገባ የሚደፋው ድስት

በአማራ ክልል ቋራ ወረዳ፣ በገለጉ ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋው የሰሊጥ አረም ሲደርስ ነው። ሰኔ ላይ ፈተና ያልቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ ወላጆቹን ተከትሎ ማሳ ይወርዳል። ሰሊጥ አረም አይችልም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልታረመ ይዋጣል። የቀን ሠራተኛ በሚወደድበት በዚያ ሰሞን የልጅ ጉልበት ለደሃ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ጎተራው የሚራቆተውም ያኔ ነው፦ ያምናው ማሽላ ተሟጦ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። ዕረፍት የምንላቸው ሁለት ወራት ለእነዚህ ልጆች የሥራም የረሃብም ወራት ናቸው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት የሚሞሉበት አንድ ተቋም አላቸው፦ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ልጆችን በነፃ እያበላ የሚያጫውትና የሚያስተምር የዕረፍት ጊዜ ምገባ። አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. በሙከራ ጀመረችው። በየመናፈሻውና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ማዕድ ይዘረጋል። ቢያንስ ግማሹ ልጅ ችግረኛ በሆነበት ሰፈር እስከ 18 ዓመት ያለ ማንኛውም ልጅ መጥቶ ይበላል፤ መዝግቡኝ የለ፣ የድህነት ማስረጃ አምጣ የለ። እንግሊዝ ዘግይታ በ2018 እ.ኤ.አ. ሞከረችው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመላው እንግሊዝ ይሠራል። የእነሱ ደንብ በዓመት ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ነው፤ አራቱ ሳምንታት በበጋ ዕረፍታቸው ላይ ይውላሉ። ልጁ ትኩስ ምግብ ይበላል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ምግብ ማብሰልም ይማራል። እዚያ ግን የሚመረጡት በመደበኛው ወቅት ነፃ ምሳ የሚያገኙት ልጆች ናቸው። ለእኔ የአሜሪካው በር ይሻለኛል። በትንሽ ከተማ «የደሃ ልጆች እዚህ ተሰለፉ» ማለት ልጁን በሐፍረት ከማዕዱ ማባረር ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከህንድ የመጣ ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. በሰጠው ትእዛዝ፣ ድርቅ በመታቸው አካባቢዎች የትምህርት ቤት ምሳ በዕረፍት ወራትም እንዳይቋረጥ አዘዘ። ዳኞቹ የተመለከቱት የትምህርት ቤቱን ደወል ሳይሆን የዝናቡን ሁኔታ ነበር።

የእኛ የትምህርት ቤት ምገባ ደወሉን ይከተላል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1994 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በጀመረው ምገባ ማዕዱ ፋሚክስ ነበር፦ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተሠራ የተመጣጠነ ዱቄት፣ ለአንድ ልጅ በቀን 150 ግራም፣ ከጥቂት ዘይትና አዮዲን ካለው ጨው ጋር ገንፎ ሆኖ የሚቀርብ። በ2012 እ.ኤ.አ. በደቡብና በኦሮሚያ በሙከራ የተጀመረው አሠራር ደግሞ እህሉን ከአካባቢው ገበሬ መግዛትን አስለመደ። አዲስ አበባ ላይ የእናት ወግ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር የጀመረውን የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ተረክቦ 300 ሺህ ለሚሆኑ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ 370 ሚሊዮን ልጆች ምግባቸው እንደተቋረጠባቸው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተናገረ። ዓለም ያን ጊዜ ደነገጠ። የእኛ ልጆች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚገጥማቸው ግን ማንንም አላስደነገጠም።

ክረምቱ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ፦ ከየዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት የተመለሱ ወጣቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፣ የአረጋውያንን ቤት ይጠግናሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች የክረምት ኮርስ ይከፍታሉ፤ የቄስ ትምህርት ቤቱና ቁርኣን ቤቱም ሐምሌና ነሐሴ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ልጅ ይሰበስባሉ። ሁሉም ነፃ ወይም ለነፃ የቀረቡ ናቸው፤ የሚጎድላቸው ምግቡ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ረፋዱ ላይ ከማጠናከሪያ ትምህርቱ ሾልኮ ቢወጣ አይፈረድበትም። (ጨዋታና ምግብን በክረምት አንድ ላይ ያገናኘ ልማድ አለን ከተባለ ቡሄ ነው፤ ልጆች እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ ባለቤቶች ሙልሙል ይሰጣሉ። ችግሩ በዓመት አንዴ መሆኑ ነው።)

እንግዲህ ምገባው ገለጉ ላይ ቢጀመር ምን ይመስላል? እንደ እንግሊዙ የበጋ ምገባ 16 ቀን አይበቃም። ሐምሌና ነሐሴን ስምንት ሳምንት፣ ሳምንቱን አምስት ቀን ብንይዝ 40 ቀን ነው። በፋሚክሱ ልክ 150 ግራም ዱቄት ብንሰፍር ለአንድ ልጅ 6 ኪሎ፣ ለ500 ልጅ 30 ኩንታል ይሆናል። ዘይቱ በቀን 8 ግራም ቢሆን 160 ኪሎ ነው። ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ መጭመቂያው የሚያስቀረው ቢታሰብ እንኳ ወደ 4 ኩንታል ሰሊጥ ይበቃል። ይህ የአንድ ሄክታር ማሳ ምርት ቢሆን ነው። የሰሊጥ አገር ልጅ ሰሊጡ ተሽጦ ባሕር ሲሻገር እያየ የውጭ ዘይት በእርዳታ የሚጠብቅበት ምክንያት አይገባኝም። ማዕዱም ገንፎ ብቻ መሆን የለበትም፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ባሚያ፣ ንፍሮ ቆላው ራሱ ያፈራዋል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። አንደኛው መንገዱ ነው፤ የቆላው ዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠግብ መኪና ይውጣል፣ ስለዚህ እህሉ ክረምቱ ሳይጠና መጋዘን መግባት አለበት። ሌላው ማገዶ ነው። ጫካው በሱዳን በኩል ከዲንደር ፓርክ ጋር ወደሚዋሰነው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል፤ ለ500 ልጅ ምድጃ እንጨት ከዚያ መቁረጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል። ወላጁን ማሳመኑ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ልጁን ከማሳ ሙሉ ቀን ማስቀረት አይሆንለትም፤ ምገባው እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ግን ልጁ ጠዋት አርሞ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከሰዓት ትምህርትና ጨዋታ ላይ ሊውል ይችላል። ለአንዳንዱ ይህ የልጅ ጉልበት ብዝበዛን መቀበል ይመስለዋል። የቆላን ቤተሰብ ሒሳብ ለሚያውቅ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

ቀን መቁጠሪያው ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ዛላው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። አጨዳው የሚጦፈው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ነው፤ ብዙ ወንበር ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው፤ የወባው ወቅትም ይኸው ነው። የክረምቱ ማዕድ ጳጉሜ ላይ ቆሞ የመስከረሙ ገና ካልተጀመረ ልጁ ከአረም ወደ አጨዳ ይሻገራል እንጂ ወደ ክፍል አይገባም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በፈነዳው የሱዳን ጦርነትም የድንበሯ ከተማ መተማ የስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች። ለብዙ ልጅ «ዕረፍቱ» ከሁለት ወር አልፎ ዓመታትን ቆጥሯል። ክፍል ባልተከፈተበት ቦታም ቢሆን ድስትና ጥላ ያለው ግቢ ሊከፈት ይችላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው አብሳይ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ኳስና በአንድ አይሱዙ የሚጫን 30 ኩንታል እህል ነው፤ አይሱዙው ግን መንገዱ ሳይዘጋ፣ ከሰኔ በፊት መነሳት ይኖርበታል።